በፀሐዩ በኩል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የንስሐ አባቴ ብዙ ያውቁልኛል። ሐሜቴን፣ ዓርብ ቀን ቅቤ መቅመሴን፣ ተማሪ ላይ መጮኼን፣ ኩራቴን፣ ሁሉንም በየጊዜው ተናዝዣለሁ። እዚህኛው ላይ ስደርስ ግን ሌላ ትንሽ ኃጢአት አነሳና አልፈዋለሁ፤ ትንንሽ ኃጢአት ደግሞ አጥቼ አላውቅም። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም። ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል። ለምን እንደቀለለኝ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፤ እሱ ራሱ የጥፋቱ አካል ነውና።

አስካለ እባላለሁ። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ድሬዳዋ አድጌ፣ እዚያው እንግሊዝኛ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አባቴ ለባቡር ሥራ ከደጋ መጥቶ ሙቀቱን እየረገመ ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ የኖረ ሰው ነበር። እሱም እናቴም ሲሞቱ ሳቢያን ባለው ቤታችን እኔና ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ብቻ ቀረን። ባል አላገባሁም፣ ልጅ አልወለድኩም። ዳዊትን አሳደግኩ። ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ ሳይሆን ነገሩ እንዲገባችሁ ነው።

ሌላ ሰው አልነበረኝም ያልኩት ግን ውሸት ነው። ፋጡማ ነበረችኝ።

ፋጡማ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ ከባሏ ከአብዲና ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። አብዲ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው፤ አሸዋም፣ ሽንኩርትም፣ ማገዶም፣ የተገኘውን ይጭናል። እናቴ ስትታመም ያስታመመቻት ፋጡማ ናት። ስትሞትም ከእኔ በላይ ያለቀሰችላት እሷ ናት። አማርኛዋን ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር እያቀላቀለች ስታወራ እኔ አስተማሪ ነኝና አርማታለሁ፣ እሷ ትስቅብኛለች። «አቦ አስኩ፣ ገብቶሻል አይደል?» ትለኛለች። ይገባኝ ነበር።

የድሬዳዋን ሙቀት ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። እኛ ዘንድ ሰው መንገድ የሚመርጠው በጥላ ነው። ጠዋት ጥላው በአንደኛው ወገን ይሆናል፣ ሁሉም በዚያ በኩል ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደ ሌላው ወገን ይሻገራል፣ ሰውም አብሮት ይሻገራል። ማንም አላስተማረንም፤ ከልጅነት ጀምሮ እግራችን የለመደው ነው። ከሰዓት በኋላ ብቻውን በፀሐዩ በኩል የሚሄድ የሰፈር ሰው ከታየ፣ በየበሩ የተቀመጡት ሴቶች ምን ሆኖ ነው ይባባላሉ። ወይ አእምሮው ልክ አይደለም፣ ወይ በጥላው በኩል ሊያየው የማይፈልገው ሰው አለ።

እኔ ከትምህርት ቤት በምመለስበት ሰዓት ጥላው በፋጡማ በር በኩል ነበር። ሰሌን አንጥፋ በሯ ላይ ትቀመጣለች። አጠገቧ ለአላፊ አግዳሚው የምታስቀምጠው የውኃ እንስራ አለ፣ አፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበት። ማንም ይጠጣል፣ ማንም አያስፈቅድም። እኔን ግን ከሩቅ ስታየኝ ራሷ ቀድታ ትጠብቀኛለች። ጠመኔ የጠጣ ጉሮሮዬን በዚያ ውኃ አርሼ፣ ጥቂት ተቀምጬ፣ ሰው አምተን፣ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ሰዓት ነበረኝ ብል እዋሻለሁ።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ መጣ። ወጣት ወንድ ያለው ቤት ሁሉ እንቅልፍ አጣ። ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከመንገድ ላይ ልጆች እየታፈሱ ይሄዱ ነበር። ዳዊት ትምህርቱን ገና መጨረሱ ነው። እኔ ደግሞ ቀበሌ በሚጠራው ስብሰባ ሁሉ ከፊት ተቀምጬ የማጨበጭብ ሴት ነበርኩ፤ ስለ እናት አገር ጥሪ ሲወራ ባጨበጨብኩበት በዚያው እጅ ወንድሜን ለመደበቅ ልብሱን ቋጠርኩ። ወደ አብዲ ሄድኩ። ሐርላ አካባቢ ከብት የሚያረቡ ዘመዶች እንዳሉት፣ እነሱም ወደ ጅቡቲ የሚያሻግረውን መንገድ እንደሚያውቁ ሰምቼ ነበር።

ለመንኩት። ለመንኩት ማለት አይበቃም፤ እግሩ ላይ ወድቄ ነው። አብዲ ደነገጠና አነሳኝ። «ተነሽ አቦ። ልጁን አምጪው፤ ሌላውን ለእኔ ተይው» አለኝ። ዋጋ አልጠየቀኝም፣ ማስጠንቀቂያም አልሰጠኝም። በማግስቱ ጠዋት ዳዊትን በሸራ ሸፍኖ ይዞት ወጣ፣ ማታ ሳይመሽ ባዶ መኪናውን ይዞ ተመለሰ። በበራችን ሲያልፍ በመስኮት እጁን አወጣልኝ። ደርሷል ማለቱ ነበር። ቀበሌ ሲጠይቀኝ ወንድሜ ታሞ አዲስ አበባ አጎታችን ዘንድ ሄዷል አልኩ፤ አስተማሪ ነኝና አመኑኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አብዲ ተያዘ። መኪናውን ሐርላ ያየ ሰው ተናግሮ ነበር። ምን ልትሠራ ሄድክ ቢሉት ማገዶ ልጭን አለ። ማገዶው የታለ ቢሉት አላገኘሁም አለ። ማን አዘዘህ ሲሉት ግን ዝም አለ። ለሰርጎ ገቦች ስንቅ አድርሰህ ነው የመጣኸው አሉት። የእኔን ስም ቢጠራ ኖሮ ነገሩ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። አልጠራም። ዝም ብሎ ተደበደበ።

ፋጡማ ቤቴ መጣች። እንድትቀመጥ ብላት አልተቀመጠችም። አልለመነችኝም፣ አላለቀሰችም፤ የመጣችው የዕለት ጉዳይ እንዳለባት ሰው ነበር።

«አስኩ፣ ማገዶውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ በያቸው። ይኸው ነው። ዳዊትን ማንም አያነሳም። አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ያምኑሻል።»

«እሺ» አልኳት። «ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀበሌ እሄዳለሁ።»

አያችሁ፣ እምቢ አላልኩም። ብዙ ጊዜ ወደዚህ ቦታ እመለሳለሁ። እምቢ ብላት ኖሮ ትሰድበኝ ነበር፣ ትለምነኝ ነበር፣ ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር። እኔ ግን እሺ አልኳት፣ እሷም አመነችኝና ወደ ቤቷ ሄደች። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፦ ወንድምሽስ የት ነው ቢሉኝ? ማገዶ አዘዝኩ ብዬ ስጀምር ሌላው ይመዘዛል፣ ዳዊት መንገድ ላይ ይያዛል፣ እኔም እታሰራለሁ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ፈራሁ ማለት ግን አልበደልኩም ማለት አይደለም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀበሌ አልሄድኩም። መንገዳችን ጋ ስደርስ ፋጡማ በሯ ላይ ተቀምጣለች። ከሩቅ አየችኝና ጣሳውን አነሳች። እኔ ተሻገርኩ። ከጥላው ወጥቼ ወደ ፀሐዩ ወገን ተሻገርኩና አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰኛል፣ መንገዱ ላይ ከእኔ በቀር በዚያ በኩል የሚሄድ አንድም ሰው የለም፣ ሴቶቹ ሁሉ ከየበራቸው ያዩኛል። ጣሳው እጇ ላይ እንዳለ በጎን አየሁት። ልትጠራኝ ትችል ነበር፤ መንገዱ ጠባብ ነው። አልጠራችኝም።

በማግስቱም ተሻገርኩ። ከዚያም በኋላ። ያየኝ ሰፈር ደግሞ ከእኔ ተማረ። አስተማሪዋ፣ የልብ ወዳጇ፣ በፀሐይ እየተቃጠለች የምትሸሸው በር ምን ያለበት በር ነው? ጉዳዩን ሳይጠይቁ እየተሻገሩ ማለፍ ጀመሩ። እንስራው እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ይሞላል፣ ጣሳው እንደ ወትሮው ይደፋበታል፣ የሚጠጣለት ሰው ግን ጠፋ። ፋጡማን ከመንደሩ የነጠላት ካድሬ እንዳይመስላችሁ። እኔ ነኝ፤ አንዲት ቃል ሳልናገር፣ በእግሬ ብቻ።

የምነግራችሁ ሌላም አለ፤ ይህኛው ከሁሉም የበለጠ ያሳፍረኛል። የፋጡማ የበኩር ልጅ ከድጃ ተማሪዬ ነበረች። በዚያው ሰሞን በምንባባችን ውስጥ አቮይድ የሚል የእንግሊዝኛ ግሥ መጣ። አማርኛው ምንድን ነው አሉኝ። በአንድ ቃል አልመለስኩላቸውም፤ እንደ አገባቡ መራቅም፣ መሸሽም፣ መቆጠብም፣ ማስወገድም ይሆናል አልኳቸው። ሐኪም ጨው እንድትተው ሲነግርህ ይኸው ግሥ ነው። ሹፌር መንገድ ላይ የገባችበትን ፍየል ሳይገጭ ጠምዝዞ ሲያልፍም ይኸው ግሥ ነው። ሹፌር ስል አብዲ ትዝ አለኝና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

አንዱ ተማሪ ታዲያ ከእምቢታ በምን ይለያል ብሎ ጠየቀ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ እወድ ነበር። እምቢ የሚል ሰው ጥያቄውን ሰምቶ መልስ ይሰጣል፣ ይህኛው ግን ጥያቄው እንዳይደርሰው ያደርጋል አልኩት። አዎ አይልም፣ አይሆንም አይልም፤ ብቻ የሚጠየቅበት ቦታ ላይ አይገኝም። ጥሩ ማብራሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ የተሻለ አላገኘሁለትም።

ከዚያ በየተራ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩበት አዘዝኩ። ከፊት ወንበር ጀምሮ እየተነሱ ይናገራሉ። አንዷ በቀትር ፀሐይን እንሸሻለን አለች። አንዱ ድመታችን ውኃ ትሸሻለች አለ። ከኋላ የሚቀመጠው ቀልደኛ እኛ የእንግሊዝኛ ፈተና እንሸሻለን ብሎ ክፍሉን አሳቀው፣ እኔም ሳቅኩ። ተራው እየዞረ ከድጃ ጋ ደረሰ። ልጅቷ ተራዋ መሆኑን አውቃ ግማሽ ተነስታ ነበር። እኔ ከኋላዋ ያለውን ልጅ ስም ጠራሁ።

ልጁ አልተነሳም። ከድጃን አየና እኔን አየ።

«ቲቸር፣ ተራው የሷ ነው።»

«አንተን ነው የጠራሁት» አልኩት።

ከድጃ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ግሡ ለተማሪዎቹ ሁሉ የገባቸው፤ ያን ሁሉ ምሳሌ ባልደረድርም በገባቸው ነበር። ምን ትል እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ስለ ዶሮ ወይም ስለ ዝናብ ነበር፤ ልጅ ናት። እኔ ግን ሊመጣ የሚችለውን ስለፈራሁ በሰው ሁሉ ፊት የሌለች አደረግኳት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን መጣች፣ በኋላ መምጣቷን ተወች። ለምን ቀረች ብዬ አልጠየቅኩም። ስም ስጠራ የሷ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልፈው ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ወንድሜን ለማዳን ነው ትሉልኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ እንዲሁ እል ነበር። እንግዲህ ስሙ። በባቡር ዕቃ የምታመላልስ አንዲት ነጋዴ ሴት ከጅቡቲ መልእክት ይዛልኝ መጣች፤ ልጁ ገብቷል፣ ደህና ነው፣ ሥራም ይዟል አለችኝ። አለቀስኩ፣ ሻማ ገዝቼ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳዊትን ማንም ሊይዘው አይችልም ነበር። አብዲም ያኔ በሕይወት ነበር፤ ሐረር ወስደውት ፋጡማ በየሳምንቱ ስንቅ እየያዘች ትመላለስ ነበር። ታዲያ ምን ያዘኝ? ዳዊት ተሻግሮ፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ሆኜ ሳለ፣ ማንን ነበር የማድነው?

አንድ ቀን ሄድኩ። የምለውን ሁሉ በልቤ አጥንቼ ቀበሌው በር ድረስ ደረስኩ። ዘበኛው ምን ፈልገሽ ነው እቴ አለኝ። ከበሩ ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሽንኩርት ልገዛ ነው አልኩት፣ ገዛሁ፣ ተመለስኩ። ሽንኩርቱን ቤቴ አስገብቼ ስልጥ ወጥ ልሠራ አላሰብኩም ነበር፤ ዝም ብዬ ስልጥ ዋልኩ፣ ለዓይኔ እንባ ምክንያት አገኘሁለት።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ፋጡማ ሐረር የወሰደችው ስንቅ ተመለሰባት። ከእንግዲህ አታምጪ፣ አያስፈልገውም አሏት። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ድምጿን ከቤቴ ሰማሁት። በዚያ ሙቀት መስኮቴን ዘጋሁ። እናቴን ገንዛ ያለቀሰችላት ሴት ስታለቅስ እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ መጋረጃ አይ ነበር። ለቅሶ የደረሱት ከሩቅ የመጡ ዘመዶቿና ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እኔ ባልሸሽ ኖሮ ያ ሰፈር እንዲያ ይቀር ነበር? አይመስለኝም። ዓመት ሳይሞላ ቤቱን ለቅቃ ሄደች። እንስራውን በሩ ላይ ትታው ነበር፤ አዲሶቹ ገቢዎች አፈር ሞልተው ሬት ተከሉበት።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ አንድ ጊዜ ቀፊራ አገኘኋት። ገበያው ውስጥ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጥላ ያለው በግንቡ ሥር በአንድ ሰው ልክ ብቻ ነው። እኔ በዚያ ጥላ ስሄድ እሷ የሎሚ ቅርጫት ተሸክማ ከፊት ለፊቴ መጣች። ከኋላዬ ጋሪ ቆሟል፤ መመለሻ የለኝም። ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በቃ፣ ዛሬ ያልቃል አልኩ፤ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፣ ባሏ እግር ላይ እንደወደቅኩት። አፌን ከፈትኩ።

ፋጡማ አየችኝና ቆመች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቅርጫቷን አስተካከለችና ከጥላው ወጣች፤ እኔ እንዳልወጣ እሷ ወደ ፀሐዩ ወጣች፣ ጥላውን ለቀቀችልኝ። እኔስ? አለፍኩ። ባዶ የተተወልኝን ጥላ ይዤ ሄድኩ። ዞሬም አላየሁም። መንቀፏ ይሁን ማዘኗ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልጠይቃት እችል ነበር፣ በመካከላችን የነበረው አንድ እርምጃ ነው።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ዳዊት ውጭ አገር ወልዶ ከብዷል፣ በበዓል ይደውላል፣ ማን እንዳሻገረው ያስታውስ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ አሁንም በፀሐዩ በኩል ነው። የሰፈሩ ወጣት ሴቶች አስተማሪዋ ጃጅታለች ይላሉ፤ አላርማቸውም። በሬ ላይ እንስራ ባስቀምጥ ብዬ አስቤ ነበር፤ እሱንም ተውኩት፤ ማን መጥቶ እንዲጠጣልኝ ነው?

ይቅርታ አድርጉልኝ አልልም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር ይኸውና፦ ፋጡማ በሕይወት አለች። ቀፊራ፣ ሎሚ ከሚሸጡት መሃል፣ ከድጃ ከምትከፍተው ሱቅ አጠገብ ትቀመጣለች። ከሳቢያን ባጃጅ በሩ ድረስ ያደርሳል። ይህን ሁሉ ለእናንተ የጻፍኩት እዚያ ላለመሄድ ነው።